ርዕሰ አንቀጽ፦ «ባግሩት አለው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ሂሳብ ስንት የሂዶት?» ብለን እንጠይቅ



በየዓመቱ የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ሲቃረብ ከትምህርት ቤት ወደየቤታችን አንድ አጭር መልእክት ይመጣል። ልጃችን በሚቀጥለው ዓመት ሂሳብ በየትኛው ቡድን እንደሚማር ይናገራል። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ስለሆነ ብዙ ወላጅ ልጁን «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁም «ምንም አይደለም፣ የክፍል ጉዳይ ነው» ይላል። ነገሩም በዚያው ያበቃል።

እኛ ግን ለወገኖቻችን ልንነግራችሁ የምንፈልገው ይህ ነው፦ የልጆቻችሁን የወደፊት ዕድል ከዚህች አጭር መልእክት የበለጠ የሚወስን ጽሑፍ ወደ ቤታችሁ ብዙም አይመጣም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ልጆች ከደረጃ ወደ ደረጃ እንዴት እንደሚያልፉ፣ የት ላይም እንደሚቀሩ እንገልጻለን። ከዚያም ከትምህርት ቤቱ፣ ከመንግሥትና ከራሳችን ምን እንደምንጠብቅ እንናገራለን።

የሂዶት ማለት ምን ማለት ነው?

በእስራኤል የባግሩት ትምህርት የሚለካው በ«የሂዳ» ነው፤ ሲበዛ «የሂዶት» ይባላል። አንድ የሂዳ በመሠረቱ 90 የትምህርት ሰዓት ነው። ሙሉ የባግሩት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ተማሪው በጠቅላላው ቢያንስ 21 የሂዶት ማሟላት አለበት። ሂሳብ ግዴታ ሲሆን በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሂዶት ይሰጣል።

3 የሂዶት ዝቅተኛው ነው። 4 የሂዶት መካከለኛው፣ 5 የሂዶት ደግሞ ከፍተኛው ነው። የ3 የሂዶት ፈተና በሦስት ክፍል ተከፍሎ ይሰጣል። የ4 እና የ5 የሂዶት ፈተና ግን ሁለት ክፍል ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው በ11ኛ ክፍል መጨረሻ፣ ሁለተኛው በ12ኛ ክፍል ይሰጣል። የማለፊያ ነጥብ 55 ነው።

በ3 እና በ5 መካከል ያለው ልዩነት የሰዓት ብቻ አይደለም። የሚማሩት ነገርም ይለያያል። 5 የሂዶት የሚማረው ልጅ ወደ ከፍተኛ አልጀብራ፣ ወደ ጂኦሜትሪ ማስረጃና ወደ ካልኩለስ ጠልቆ ይገባል። ኢንጂነር፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ወይም ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚጠብቀው ይኸው ነው።

መንገዱ የሚለያየው በ12ኛ ክፍል አይደለም

ብዙ ወላጅ ጉዳዩ የ12ኛ ክፍል ጉዳይ ይመስለዋል። በ12ኛ ክፍል ግን ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። መንገዱ የሚለያየው በሐቲባት ቤናይም፣ ማለትም ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ነው።

በ7ኛ ክፍል በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች ሁሉ አብረው ይማራሉ። ከዚያ፣ ብዙውን ጊዜ በ8ኛ ክፍል፣ በፈተናና በመምህር አስተያየት በሃቅባጾት ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ቡድን ፈጣን፣ ሌላው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ዝግ ያለ ነው። በ9ኛ ክፍል መጨረሻ የመለያ ፈተና ይሰጣል፤ የመምህራን ጉባኤም ይሰበሰባል። ከዚያ በ10ኛ ክፍል ልጁ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሂዶት ይመደባል።

አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ሂሳብም እንዲሁ ደረጃ በደረጃ የሚኬድበት ትምህርት ነው፤ ነገር ግን አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው ቀጣዩን መርገጥ አይችልም። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ እኩልታ ይከብደዋል። እኩልታ የከበደው ልጅ ፈንክሽን ሲመጣ ግራ ይጋባል። ፈንክሽን ያልያዘ ልጅ ደግሞ ወደ ካልኩለስ ሊገባ አይችልም። ታሪክ ወይም ተናኽ ቢሆን በ8ኛ ክፍል ያመለጠውን በ11ኛ ክፍል ሌላ ምዕራፍ ጀምሮ ሊያልፍ ይችላል። በሂሳብ ግን የ6ኛ ክፍል ጉድለት በ10ኛ ክፍል ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ከዚህ የተነሳ የሃቅባጻ ምደባ በተግባር የአንድ አቅጣጫ መንገድ ይሆናል። ከላይ ወደ ታች መውረድ ቀላል ነው፤ አንድ መጥፎ ፈተና ይበቃል። ከታች ወደ ላይ መውጣት ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የላይኛው ቡድን በየሳምንቱ እየራቀ ይሄዳል፣ የታችኛው ቡድን ግን ያንኑ ትምህርት አይማርም። ለአንድ ዓመት ብቻ ተብሎ ወደ ታች የተላከ ልጅ ሲመለስ የሚያጣው የአንድ ዓመት ትምህርት ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ

አንዳንድ ወላጅ «ልጄ በ3 የሂዶት 95 አምጥቷል፤ የጎረቤቴ ልጅ በ5 የሂዶት 75 ብቻ አመጣ፤ የኔ ይሻላል» ሲል እንሰማለን። ደስታውን ልንቀንስበት አንፈልግም። ግን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ አይቆጥርም።

በአብዛኞቹ የእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ አማካይ ነጥብ ሲሰላ በ5 የሂዶት ሂሳብ ላይ 35 ነጥብ ጉርሻ ይጨመራል። በ4 የሂዶት ላይ 12.5 ይጨመራል። በ3 የሂዶት ላይ ምንም አይጨመርም። ጉርሻው የሚሰጠው ከ60 ጀምሮ ላመጣ ተማሪ ነው። እንግዲህ እናስላ፦

በ3 የሂዶት 95 ያመጣው 95 ላይ ይቀራል።
በ4 የሂዶት 85 ያመጣው 97.5 ይሆናል።
በ5 የሂዶት 75 ያመጣው 110 ይሆናል።

ይህም ብቻ አይደለም። የየትምህርቱ ነጥብ በየሂዶቱ ብዛት ተባዝቶ ስለሚደመር፣ 5 የሂዶት አማካዩን የበለጠ ወደ ላይ ይስባል። በሠራዊቱም ዘንድ የቴክኖሎጂ ክፍሎች ወጣት ሲመርጡ የሂሳቡን ደረጃ ያያሉ።

በርግጥ በ3 የሂዶት የጨረሰ ልጅ በሩ ለዘላለም ተዘጋበት ማለት አይደለም። ሜኺና አለ፤ ከሠራዊት በኋላ ብዙ ወጣቶቻችን በሜኺና በኩል ነጥባቸውን አሻሽለው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። እነዚህን ወጣቶች እናከብራለን። ነገር ግን በ16 ዓመቱ በትምህርት ቤት ሊያገኘው የሚገባውን በ22 ዓመቱ፣ የቤት ኪራይ እየከፈለና ማታ ማታ ጥበቃ እየሠራ እንዲያገኝ ለምን ይገደዳል? የጠፋውን ዓመት ማን ይመልስለታል?

የቆየ ታሪክ አለን

ይህ ጉዳይ ለኛ ማኅበረሰብ አዲስ አይደለም። በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ የገቡት ወጣቶች አብዛኞቹ ወደ ዓሊያት ሃኖዓር ፕኒሚያዎች ተላኩ። እዚያም ብዙዎቹ የተመደቡት በሙያ ትምህርት መስመሮች ነበር። መካኒክነትና ስፌት ክቡር ሥራ ነው፤ እኛ የአንጥረኞችና የሸማኔዎች ልጆች የእጅ ሥራን አንንቅም። ጥፋቱ ልጁም ሆነ ወላጁ አለመጠየቃቸው ላይ ነበር። ያ መስመር ወደ ዩኒቨርሲቲ እንደማያደርስ ብዙዎቹ ያወቁት ከጨረሱ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ዛሬ ማኅበረሰባችን ወደ 170,000 ያህል ነው፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋውም እዚሁ የተወለደ ነው። የባግሩት ምስክር ወረቀት የሚያገኙ ልጆቻችን ቁጥር ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በእጅጉ ጨምሯል፤ በዚህ ረገድ ከአገሩ አማካይ ጋር የነበረው ልዩነት ጠቧል። ይህ የወላጆች ላብና የልጆቹ ትጋት ውጤት ነው፤ ልንኮራበት ይገባል።

ነገር ግን «የዩኒቨርሲቲን መግቢያ የሚያሟላ ባግሩት ስንት ልጅ አለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነው። እዚህ ላይ ነው ሂሳቡ የሚመጣው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፤ ለባግሩት 3 የሂዶት ይበቃል፣ ዩኒቨርሲቲ ግን 4 ይጠይቃል። ስለዚህ ወረቀቱ በሁለት ልጆች እጅ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ የሚከፍተው በር ግን አንድ አይደለም።

«ችሎታ የላቸውም» ለሚሉን

አንዳንዴ በግልጽ፣ ብዙውን ጊዜ ግን በለሰለሰ ቃል፣ «ሁሉም ልጅ ለ5 የሂዶት አይሆንም» ይባላል። እውነት ነው፤ ሁሉም አይሆንም፤ ሁሉም ልጅ ይግባ ብለንም አንጠይቅም። ግን ማን እንደሚሆንና እንደማይሆን እንዴት ታወቀ? ብለን እንጠይቃለን።

የአገሩ ሁሉ ልምድ ያስተምረናል። በ2006 በ5 የሂዶት ሂሳብ የተፈተኑት ተማሪዎች 13,000 ያህል ነበሩ። በ2012 ወደ 9,000 ያህል ወረዱ። በ2015 በወቅቱ የትምህርት ሚኒስትር በነበሩት ናፍታሊ ቤኔት ዘመን መንግሥት ሰፊ ዘመቻ ጀመረ፤ ተጨማሪ ሰዓት ተመደበ፣ ባልነበረባቸው ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ተከፈቱ፣ መምህራን ሠለጠኑ፣ ልጆችም «ሞክሩ» ተባሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ከ2012ቱ በእጥፍ ያህል ጨመረ።

አንባቢ ሆይ፣ እስኪ አስቡት። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት የእስራኤል ልጆች ጭንቅላት በእጥፍ አደገ? አላደገም። የተለወጠው በሩ ነው፤ በበሩ ላይ የቆመውም ሰው ነው። «አይችልም» የተባለው ልጅ ሰዓትና ጥሩ መምህር ሲሰጠው ቻለ። ለአገሩ ልጅ የሠራ ነገር ለኛ ልጅ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ሂሳብ ከቤታችን ባዕድ ነው የሚል ካለም ይሳሳታል። ወላጆቻችን በጎንደር በሰው መሬት ላይ ሲያርሱ የምርቱ ሲሶ ወይም ሩብ ለባለ መሬቱ ይሄድ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሲሶና ሩብን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ስሌቱ ቢሳሳት ልጁ ይራባልና። ቄሶቻችን ጨረቃን እየቆጠሩ የጾሙንና የበዓሉን ቀን ያወጡ ነበር። ይህ ክፍልፋይና ስሌት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ታዲያ ልጆቻችን ለምን ይቀራሉ?

አንደኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። የዛሬ የሂሳብ ጥያቄ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ረጅም ታሪክ ነው። «አንድ ነጋዴ ዕቃውን በ20 በመቶ አስወድዶ ከዚያ በ20 በመቶ አረከሰ፤ አተረፈ ወይስ ከሰረ?» ተብሎ በከባድ ዕብራይስጥ ይጻፋል። በ100 ሰቅል እንሞክረው፤ 120 ይሆናል፣ ከ120 ላይ 20 በመቶ ሲቀነስ 96 ይቀራል፤ ከሰረ። ስሌቱን የሚችል ልጅ ዓረፍተ ነገሩ ስላልገባው ብቻ ይወድቃል። በተለይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በጹር እስራኤል ዘመቻ የመጡት ልጆች ችግር ይህ ነው። መምህሩ ግን «ሂሳብ አይችልም» ብሎ ይጽፋል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። 5 የሂዶት ከሚማሩት መካከል ብዙዎቹ ከትምህርት በኋላ የግል አስጠኚ አላቸው። ይህን የሚከፍል ቤት አለ፤ የማይከፍል ቤትም አለ። ፈተናው ግን አንድ ነው።

ሦስተኛው የመምህሩ ግምት ነው። ልጃችን ዝምተኛና ጨዋ ሲሆን «ደካማ ነው» ይባላል። 70 ሲያመጣ ለሌላው ልጅ «ትንሽ ይጎድለዋል፣ እንርዳው» ይባላል፤ ለኛው ልጅ ግን «ዝቅ ቢል ይሻለዋል፣ እንዳይጨነቅ» ይባላል። ሁሉም መምህር እንዲህ ነው አንልም፤ ለልጆቻችን ሌሊቱን የሚደክሙ መምህራን አሉ፣ እናመሰግናቸዋለን። ነገር ግን ርኅራኄ የሚመስል ዝቅ ማድረግ ከስድብ የበለጠ ይጎዳል፤ ልጁ ራሱ ያምነዋልና።

አራተኛው የኛው የወላጆች ዝምታ ነው። እኛ መምህርን አክብረን ያደግን ሰዎች ነን። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ተብለን ነው ያደግነው። ይሁን እንጂ እነዚያው አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። በዚህ አገር ያልጠየቀ ወላጅ እንደ ተስማማ ይቆጠራል። መጠየቅ መምህሩን መናቅ አይደለም።

ከትምህርት ቤቶችና ከትምህርት ሚኒስቴር የምንጠይቀው

ልዩ ምጽዋት አንፈልግም። ለብቻ የተከለለ የኢትዮጵያውያን ክፍልም አንፈልግም። የምንጠይቀው ይህን ነው፦

ልጅ በሃቅባጻ ከመመደቡ በፊት ለወላጁ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ከተወሰነ በኋላ አይደለም። መለኪያውም በጽሑፍ ይታወቅ፦ ስንት ነጥብ፣ በየትኛው ፈተና፣ በማን ውሳኔ።

ወደ ታች የሚወርድ ልጅ ሁሉ የመመለሻ መንገድ ይኑረው። የጎደለው ምን እንደሆነ ተጽፎ ይሰጠው፣ የማጠናከሪያ ሰዓት በትምህርት ቤቱ ውስጥ ይመደብለት፣ በዓመቱ አጋማሽም እንደገና ይታይ።

የ5 የሂዶት ክፍል በማይከፈትባቸው ትምህርት ቤቶች «ተማሪ አይበቃም» የሚለው መልስ መጨረሻ አይሁን። ከ2012 ጀምሮ 5 የሂዶት ሂሳብና ፊዚክስን በኮምፒውተር የሚያስተምረው ሃቲኾን ሃቪርቱአሊ የተቋቋመው እንዲህ ላለው ችግር ነው። ልጆቻችን በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይህ ዕድል ለወላጅና ለተማሪ ይነገር።

ከወላጆች የምንጠብቀው

ውድ ወላጆች፣ ሂሳብ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። መጠየቅ ግን ትችላላችሁ። በወላጆች ቀን ወደ መሐኔኹ ወይም ወደ ሂሳብ መምህሩ ስትሄዱ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ፦

1. ልጄ አሁን በየትኛው ሃቅባጻ ነው? ይህ ቡድን ወደ ስንት የሂዶት ያደርሳል?
2. ወደሚቀጥለው ቡድን ለመውጣት ምን ይጎድለዋል?
3. የጎደለውን የሚሞላው ማን ነው፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት?
4. የሚቀጥለው የመለያ ፈተና መቼ ነው?
5. ልጄ በፈተና ጊዜ የተጨማሪ ሰዓት ወይም ሌላ ማመቻቸት መብት አለው ወይ?

ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ማንም ልጅ በራሱ ላይ የተሰጠን ፍርድ አስተካክሎ አይተረጉምም። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ «አስቤበት ልመለስ» በሉ። ውሳኔው ትክክል ካልመሰላችሁም ከሂሳብ ራካዙ፣ ከዚያም ከዳይሬክተሩ ጋር ለመነጋገር ጠይቁ።

ጊዜውንም አትርሱ። ጥያቄው በ7ኛ ክፍል ይጀመር፤ በ9ኛ ክፍል ይበርታ። በ12ኛ ክፍል የሚጠይቅ ወላጅ ዝናቡ ካለፈ በኋላ እንደሚዘራ ገበሬ ነው።

በቤትም የምትችሉት አለ። ማታ ልጁን «ዛሬ በሂሳብ የተማርከውን በአማርኛ አስረዳኝ» በሉት። ማስረዳት ከቻለ ገብቶታል። ካልቻለ ያልገባው የት ላይ እንደሆነ እሱም እናንተም ታውቃላችሁ። ነገ መምህሩን የሚጠይቀው ያንን ነው።

ለተማሪዎችና ለታላላቆቻቸው

ተማሪዎች ሆይ፣ በ5 የሂዶት ክፍል ውስጥ ከኛ ማኅበረሰብ ብቸኛ ሆናችሁ ትቀመጡ ይሆናል። አንድ ፈተና ላይ 50 ብታመጡ «ቦታዬ አይደለም» አትበሉ። አብረዋችሁ የተቀመጡትም 50 አምጥተው ያውቃሉ። በሙሉ ልብ ሠርታችሁ፣ እርዳታ አግኝታችሁ፣ ከዚያ በኋላ ከ60 በታች የምትቀሩ ከሆነ ወደ 4 የሂዶት መውረድ ውርደት አይደለም፤ በ4 የሂዶት ጥሩ ነጥብም ብዙ በር ይከፍታል። የምንለምናችሁ ሳትሞክሩ እንዳትወርዱ ነው።

በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ የምትማሩ፣ ኢንጂነርና መምህር የሆናችሁ ልጆቻችን፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡን። በየሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል ወይም ምኩራብ አለ፤ አንድ ጠረጴዛና አምስት ልጅ ይበቃል። ገንዘብ ያለው ቤት አስጠኚ ይቀጥራል፤ እኛ ግን እናንተ አላችሁን።

ወላጆቻችን በሱዳን በረሃ በእግራቸው የመጡት ልጆቻቸው ከታች እንዲቀሩ አልነበረም። መንገዱን እነሱ ጨርሰዋል፤ የቀረው የትምህርት ቤቱ ደረጃ ነው። የሚቀጥለው የሃቅባጻ መልእክት ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ሳታነቡት፣ ሳታስነብቡት፣ ሳትጠይቁበት አታሳልፉት።